ሁለቱም ተቀብለውኛል፣ አካባቢ ጥበቃ ልማር ወይስ ከባድ ማሽነሪ? እባካችሁ ምከሩኝ

አዲስ_ሰልጣኝ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን ታግሳችሁ አንብቡልኝ። 21 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ። ሁለት ቦታ የሙያ ስልጠና አመልክቼ ሁለቱንም አለፍኩ። አንዱ የአካባቢ ጥበቃ ነው፣ ችግኝ ማፍላት፣ አፈርና ውሃ ጥበቃ፣ እርከን፣ የተጎዳ መሬት ማገገሚያ ምናምን። ሌላው የከባድ ማሽነሪ ኦፕሬተርነት ነው፣ ኤክስካቫተር፣ ሎደር፣ ዶዘር። ልቤ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዛፍና ከአፈር አልለይም። ቤተሰብ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ማሽኑን ተማሪ ስራ ቶሎ ይገኛል እያሉኝ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የስራው ክብደት አይደለም፣ ዶዘር ላይ ወጥቼ የምወደውን ነገር በገዛ እጄ ማጥፋቴ ነው። ሁለቱ እኮ ተቃራኒ ናቸው አይደል፣ አንዱ ይተክላል አንዱ ይነቅላል። ውስጡ ያላችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ።

የዶዘር_ልጅ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። 23 ዓመት ማሽን ላይ ነኝ፣ አብዛኛውን ዶዘር። ተቃራኒ ናቸው ያልሽው ላይ አልስማማም፣ ለምን እንደሆነ ከራሴ ልንገርሽ።

ገና ጀማሪ እያለሁ አንድ ሜዳ ጥረግ ተባልኩ፣ ዝናቡ ካባራ ገና ሁለት ቀኑ ነው መሬቱ ጭቃ ነው፣ እኔ ግን ቶሎ ጨርሼ ጎበዝ ልባል ብዬ ብሌዱን፣ ማለት ፊት ያለውን መግፊያ ብረት፣ ጥልቅ አድርጌ ጥቁሩንም ቀዩንም አፈር አንድ ላይ ገፋሁና ትልቅ ክምር ሰራሁ። ስራው ሲያልቅ ያንኑ ድብልቅ መልሼ አለበስኩት። ማንም አልተቆጣኝም፣ ፎርማኑ እንዲያውም አመሰገነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዛ በኩል ሳልፍ ሜዳው ራሰ በራ ሆኗል፣ ሲዘንብ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሳር እንኳን አልያዘም። ቆሜ አየሁት። እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

ከዛ ሌላ ሳይት ላይ አንዲት የአካባቢ ባለሙያ ነበረች፣ ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ውረድ አለችኝና በአካፋ ጉድጓድ ቆፍራ ጥቁሩ አፈር የት ጋ እንደሚያልቅ አሳየችኝ፣ 25 ሳንቲሜትር ነበር። እሱን ብቻ ለብቻው ግፋ፣ ከስሩ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጥ፣ ስትመልስ በተራው መልስ። እንደዛው አደረግሁ። በሚቀጥለው ዝናብ ማንም ዘር ሳይዘራ ሳሩ ራሱ ወጣ። ማሽኑም ኦፕሬተሩም ያው ነው፣ የተለየ ነገር ቢኖር ያቺ የአካፋ ጉድጓድ ነች።

ተፋሰስ_ላይ፦
ወንድሜ ከላይ ያለው የፃፈውን ስልጠና ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበር። እኔ በሌላኛው በኩል ነኝ፣ አፈርና ውሃ ጥበቃ ቴክኒሻን። ሳሩ ራሱ የወጣበት ምክንያት ምን መሰለሽ፣ የላይኛው አፈር ውስጥ ከዓመት ዓመት የተጠራቀመ ዘር ተኝቷል፣ ከተክል ስር ጋር አብሮ የሚኖር ፈንገስ አለ፣ ትላትልና የበሰበሰ ቅጠል አለ። ከስር ካለው ጋር ከተደባለቀ ወይ ጥልቅ ከተቀበረ ዘሩ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። ክምሩም ራሱ ህይወት ያለው ነገር ስለሆነ በጣም ከፍ ብሎ ከተቆለለና ለረጅም ጊዜ ከቆየ መሀሉ አየር ያጣና ይሞታል፣ ለዛ ነው ከ 2 ሜትር ባይበልጥ፣ ማሽን ላዩ ላይ ባይወጣበት፣ ቶሎ ወደ ቦታው ቢመለስ ጥሩ ነው የሚባለው።

ይሄን ሁሉ አውቀዋለሁ ግን በእጄ አልሰራውም። በእጁ የሚሰራው ኦፕሬተሩ ነው። እኔ ወረቀት ላይ ፅፌ ቢሮ ስገባ እሱ እዛ ብቻውን ነው፣ ብሌዱን 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ማድረግ ወይ ከፍ ማድረግ በሱ ጣት ላይ ነው። የኔ እቅድ ስንት ጊዜ ሊቨሩን በያዘ ሰው እንደተበላሸና ስንት ጊዜ ደግሞ በሱ እንደዳነ ብነግርሽ አንድ ቀን አይበቃም።

ዛፍ_ወዳድ፦
ይቅርታ ግን እኔ እዚህ ላይ እለያችኋለሁ። ስታወሩት ቆንጆ ነው፣ እኔ ያየሁት ግን ማሽን የገባበት ተዳፋት ሁሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቦረቦር ሲሆን ነው። መንገድ ይቆርጣሉ፣ አፈሩን ወደ ታች ይደፉታል፣ ይሄዳሉ። ልጅቷ ልቧ ችግኝ ላይ ከሆነ ለምን ወደዛ እንገፋታለን? ዓለም ላይ ኦፕሬተር አልጠፋም፣ የጠፋው መሬቱን የሚወድ ሰው ነው።

ተፋሰስ_ላይ፦
ዛፍ_ወዳድ ያየሽው እውነት ነው፣ አልክድሽም። ግን ቦረቦሩን የሚፈጥረው በአብዛኛው ውሃ አንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። ተዳፋቱ ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ መንገዱ ይቆርጠውና በቦዩ ሰብስቦ አንድ ቱቦ ጋ ያወጣዋል፣ የቱቦው አፍ ስር ድንጋይ ካልተነጠፈ ወይ ውሃው ቶሎ ቶሎ ወደ ጎን እንዲወጣ ካልተደረገ እዛው ይቦረቡራል። ግሬደር፣ ማለት መንገድ የሚደለድለውን ማሽን፣ የያዘው ሰው የመንገዱን ሆድ ትንሽ ከፍ አድርጎ ውሃውን ወደ ሁለቱ ጎን ካፈሰሰው፣ በየተወሰነ ርቀት የጎን መውጫ ካበጀለት ግማሹ ችግር ያኔውኑ ያልቃል። ይሄን የሚያውቅ የግሬደር ኦፕሬተር በእጅ ከሚሰራ ስንት ክትር በላይ ነው፣ ምክንያቱም ክትሩን የምንሰራው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

እና መሬቱን የሚወድ ሰው ጠፋ ካልሽ እኮ፣ ያ ሰው ካቢኑ ውስጥ ቢቀመጥስ?

ዛፍ_ወዳድ፦
የመጨረሻዋ መስመር አሳሰበችኝ። እሺ ላስብበት።

ታሪክ_አንባቢ፦
ሁለቱን አንድ ላይ ማሰልጠን አዲስ ሀሳብ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ በከባዱ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ከ 1933 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮርፕስ የሚባል ነበራቸው፣ 3 ሚሊዮን አካባቢ ስራ አጥ ወጣት ወንዶች ካምፕ ገብተው ሰርተዋል፣ ከ 3 ቢሊዮን በላይ ዛፍ ተክለዋል፣ እርከንና ክትር ሰርተዋል፣ ከዛው ጎን ለጎን ብዙዎቹ ትራክተርና የጭነት መኪና መንዳት፣ መንገድና ድልድይ መስራት ተምረው ወጥተዋል። ሴቶችን አለመቀበሉ ትልቅ ጉድለቱ ነበር።

ሌላ ደግሞ ዛፍ_ወዳድ ይሄን ስሚ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኪሲሚ የሚባል እየተጠማዘዘ 166 ኪሎሜትር የሚሄድ ወንዝ ነበር፣ ጎርፍ ለመከላከል ብለው ከ 1962 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. በማሽን ቀጥ አድርገው ቆፍረው 90 ኪሎሜትር ቦይ አደረጉት። ረግረጉ ደረቀ፣ ወፎቹ ሄዱ። ከዛ ከ 1999 ጀምሮ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ከቦዩ 35 ኪሎሜትር የሚሆነውን መልሰው ደፈኑት፣ ወንዙ ወደ ድሮ ጥምዝምዙ ተመለሰ ወፎቹም መጡ። የቆፈረውም ማሽን ነው የደፈነውም ማሽን ነው። ያን ያህል አፈር በአካፋ የሚመልስ ሰው የለም።

አዲስ_ሰልጣኝ፦
ስለ ኪሲሚ ቁጭ ብዬ ሳነብ አመሸሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ዶዘር እርሶን በተለይ፣ ያንን ታሪክ ለማያውቁት ሰው መንገር ቀላል አይደለም።

ሌሎች ጥያቄዎች አሉኝ። ቁመቴ አጭር ነው፣ ጉልበትም የለኝም፣ ማሽኑ ጉልበት ይፈልጋል? ደግሞ መገልበጥ በጣም እፈራለሁ፣ እሱን በግልፅ ብትነግሩኝ።

ሴቷ_ኦፕሬተር፦
ነይ እሱን እኔ ልመልስልሽ የኔ እህት 😊 9 ዓመት ኤክስካቫተር ላይ ነኝ። ሊቨሩ ሃይድሮሊክ ነው፣ በዘይት ግፊት ነው የሚሰራው፣ በሁለት ጣት ይንቀሳቀሳል፣ የሚፈልገው ጉልበት ሳይሆን ዝግታ ነው። ወንበሩን ከሰውነትሽ ጋር ሳታስተካክይ ግን ሞተር እንዳታስነሺ፣ ፔዳሉ ካልደረሰሽ ወገብሽ ያልቃል፣ አይንሽ መስታወቱ ጋ ካልደረሰ ከኋላሽ የቆመ ሰው አይታይሽም። ያለፈው ሰው ያስቀመጠው ወንበር ላይ ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ ይሄን ማድረግ የሚያሳፍር የሚመስላቸው አሉ።

መገልበጥን መፍራትሽ ጥሩ ነው፣ አትተይው። ተዳፋት ላይ ቀጥ ብለሽ ውጪ ቀጥ ብለሽ ውረጂ፣ በጎን አትሂጂ፣ ባኬቱን ወደ መሬት አስጠግተሽ ያዢ። የጫንሽውን ባኬት ከፍ አድርገሽ ወደ ቁልቁለቱ በኩል በፍጥነት አትዙሪ። ብዙ ማሽን ላይ ካቢኑ ቢገለበጥም እንዳይጨፈለቅ ተብሎ የተሰራ ማቀፊያ አለው፣ የሚጠቅምሽ ግን ቀበቶ አስረሽ ውስጡ ከቀረሽ ብቻ ነው። ማሽኑ መጋደል ሲጀምር ሰው በደመነፍስ መዝለል ያምረዋል፣ የዘለለውን ደግሞ ማሽኑ ራሱ ላዩ ላይ ይወድቅበታል። ቀበቶ፣ አጥብቆ መያዝ፣ ውስጥ መቆየት። ይሄን አሁኑኑ ጭንቅላትሽ ውስጥ ክተቺው፣ ያኔ ለማሰብ ጊዜ የለም።

አንድ ሌላ ብዙ ጀማሪ የማይነገረው ነገር፣ የሊቨር አሰራሩ ሁሉም ማሽን ላይ አንድ አይደለም። በአንዱ አሰራር ግራ እጅሽ ካቢኑን ያዞራል ትንሹን ክንድም ያንቀሳቅሳል፣ ቀኙ ትልቁን ክንድና ባኬቱን። በሌላው ደግሞ ትልቁና ትንሹ ክንድ እጅ ይቀያየራሉ። እጅሽ አንዱን ከለመደ በኋላ ሌላው ላይ ስትቀመጪ ላንሳ ስትይ ትገፊያለሽ፣ አጠገብ ሰው ካለ አደጋ ነው። አዲስ ማሽን ላይ ሁሌም ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ ብለሽ ሞክሪው።

ግሪስና_ናፍጣ፦
እኔ መካኒክ ነኝ ስለ ጠዋት ፍተሻ ላውራ ምክንያቱም ሁሉም ስልጠና ላይ ይማሩታል ሳይት ላይ ሁሉም ይተዉታል። ዞረሽ እይ፣ የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የሃይድሮሊክ ዘይት፣ ቼይኑ (በጎማ ፈንታ የሚሄድበት ሰንሰለት) ላልቷል ወይ፣ ፒኖቹ ግሪስ ጠጥተዋል ወይ፣ ስሩ መሬት ላይ ጠብታ አለ ወይ። 15 ደቂቃ ነው። ያችን ጠብታ ያየ ኦፕሬተር ማሽኑንም አፈሩንም አዳነ ማለት ነው እኮ ሁለቱ አይለያዩም። ናፍጣ ስትሞይ ከወንዝ ከጉድጓድ ውሃ ርቀሽ፣ ስሩ መቀበያ አድርገሽ።

ሃይድሮሊክ ቱቦ የሚያፈስ ከመሰለሽ ግን በእጅሽ እንዳትዳስሺው!! ግፊቱ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ በአይን በማይታይ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንቱንም ቆዳውንም ይበሳል። የመርፌ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው፣ ቀን ሙሉ ምንም ላይመስል ይችላል፣ ግን ወዲያው ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ጉዳት ነው፣ የዘገየ ሰው ጣቱን እጁን ሊያጣ ይችላል። ካርቶን ይዘሽ አስጠጊው፣ እርጥቡን ካርቶኑ ላይ ታይዋለሽ።

እና ማሽን ከአንድ ሳይት ወደ ሌላ ከመሄዱ በፊት ይታጠብ። ቼይን ውስጥ የተጠቀጠቀ ጭቃ የወራሪ አረም ዘር ተሸክሞ ይሄዳል፣ አረም ወደሌለበት ቦታ አረም በማሽን የገባበት ሳይት አይቻለሁ። አካባቢ ጥበቃ የሚማሩት ይሄን ያውቁታል መካኒኮች ግን ማንም አልነገረንም፣ እኔ በአጋጣሚ ነው የሰማሁት።

ያስተማረ_እጅ፦
ለብዙ ዓመታት ሰልጣኞች አስተምሬያለሁ፣ ዘግይቼ ገባሁ ይቅርታ። እህታችን ከመወሰንሽ በፊት ሁለቱም ቦታ ሄደሽ በአካል እይ። ማሽኑ ጋ ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠይቂው አንድ ሰልጣኝ በግሉ ስንት ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጣል የሚለውን ነው። ኮርሱ ስንት ወር ነው የሚለው ብዙ አይነግርሽም፣ አንድ ማሽን ለብዙ ሰው ከሆነ ወራቱ የሚያልፈው ቆሞ በማየት ነው። ሲሙሌተር አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ጥሩ ነው፣ እጅ ሳይፈራ ይለምዳል፣ ናፍጣ አይቃጠልም ማንም አይጎዳም። ግን መሬቱ ከስርሽ ሲላላ የሚሰማው በወገብሽና በተረከዝሽ ነው፣ ያን ሲሙሌተር አይሰጥሽም። አካባቢ ጥበቃው ጋ ስትሄጂ ደግሞ ችግኙ ከተተከለ በኋላ ማን ይከታተለዋል ብለሽ ጠይቂ፣ የተተከለውን ብቻ ቆጥረው የፀደቀውን የማይቆጥሩ ከሆነ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙበት ቦታ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፣ ሰልጣኞቼን ሁሌ የማሰራው ሂሳብ ነው። 20 ቶን ኤክስካቫተር፣ ቼይኑ 60 ሳንቲሜትር ሰፊ፣ መሬት የሚነካው ርዝመት 3.6 ሜትር። ሁለቱ ቼይን አንድ ላይ 43,200 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ክብደቱን ስታካፍይው በካሬ ሳንቲሜትር ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ ከቆመ ሰው እግር ጋር የሚቀራረብ ነው። ቼይኑ 80 ሳንቲሜትር ቢሆን ወደ 0.35 ይወርዳል። የተጫነ ገልባጭ ጎማ ግን የሚጫነው ከጎማው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል፣ 7 ኪሎ አካባቢ። ስለዚህ ለስላሳ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግዙፉ ኤክስካቫተር ሳይሆን አፈር ሊጭን የሚመላለሰው ገልባጭ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል፣ ገልባጩ የሚሄድበት አንድ መስመር ብቻ ይኑረው፣ ሜዳው ላይ እንደፈለገ አይዙር፣ ምክንያቱም አብዛኛው መጠቅጠቅ የሚደርሰው በመጀመሪያው ዙር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጠቅላላ ክብደቱ ከባድ ከሆነ ጉዳቱ ጥልቅ ይወርዳል፣ ላዩን ማረስ አይመልሰውም።

ዛፍ አጠገብ የሚሰራ ኦፕሬተር ደግሞ ይሄን ይያዝ፣ የግንዱን ውፍረት ለካና በ 12 አባዛ፣ በዛ ርቀት ዙሪያውን አትግባ። 40 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በየአቅጣጫው 4.8 ሜትር ይፈልጋል። ስሩ በአብዛኛው ያለው ከላይ 60 ሳንቲሜትር ውስጥ ነው፣ ጥልቅ ይመስላቸዋል፣ ቼይኑ ሲያልፍበት ዛፉ ያን ቀን አይደርቅም፣ ከዓመታት በኋላ ነው የሚደርቀው፣ ያኔ ማንም ማሽኑን አያስታውሰውም።

ዛፍ_ወዳድ፦
የመጨረሻው አንቀፅ ልቤን ነካው። የምወደው ዛፍ በዚህ መንገድ ነው የሄደው፣ አጠገቡ ግንብ ተሰርቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ከጫፍ ጀምሮ ደረቀ፣ በሽታ ነው አሉን። 12 እጥፍ የሚለውን ያኔ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር።

የዶዘር_ልጅ፦
ቅደም ተከተሉ ላይ እኔ የምለው መጀመሪያ አካባቢ ጥበቃውን ተማሪ። ማሽን ከተማርሽ በኋላ ስራ ይወስድሻል፣ አፈር ለመማር ጊዜ አታገኚም፣ እኔ አላገኘሁም።

ሴቷ_ኦፕሬተር፦
ጋሼ ይቅርታ ግን እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። ማሽኑን ቀድማ ትማር፣ ገቢ ይኖራታል፣ በራሷ ገንዘብ ሌላውን ትማራለች። ደግሞ ሳይት ላይ ስለ አፈር የሚናገረውን ሰው የሚሰሙት ሊቨር መያዝ የሚችል ከሆነ ነው። እኔ አንድ ቀን ጭቃ ነው ዛሬ አይሰራም ስል ፎርማኑ የሰማኝ ስራዬን ስላየ ነው፣ አንዲት የአካባቢ ባለሙያ ከኔ በፊት ያንኑ ብላው አልሰማትም ነበር። ያሳዝናል ግን እውነቱ እሱ ነው።

ተፋሰስ_ላይ፦
ጭቃ ነው አይደለም የሚለውን በአይን ግምት አትተዉት፣ በእጅ የሚሰራ ቀላል ሙከራ አለ። ከምትቆፍሩበት ጥልቀት ጭብጥ አፈር ውሰዱ፣ በመዳፍና በሰሌዳ መሀል እንደ ትል አድርጋችሁ አንከባሉት። 3 ሚሊሜትር ቀጭን እስኪሆን ድረስ ሳይሰበር ከተንከባለለ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ማሽን ከገባበት ይጠቀጠቃል። እዛ ከመድረሱ በፊት ከተፈረካከሰ መስራት ይቻላል። አሸዋማ ከሆነ በጭራሽ አይንከባለልም፣ ይሄ ሙከራ የሚሰራው ሸክላነት ላለው አፈር ነው።

አዲስ_ሰልጣኝ፦
ተመለስኩ። ሁለቱም ቦታ ሄጄ አየሁ። ማሽኑ ጋ ጥያቄውን ጠየቅኳቸው፣ ለአንድ ኤክስካቫተር 14 ሰልጣኝ ነው አሉኝ፣ አሰልጣኙ ግን በጣም ጥሩ ሰው ነው፣ ልምምድ ሜዳው ላይ ወስዶ አሳየኝ። ሰልጣኞቹ አንድ ጉድጓድ በየቀኑ ይቆፍራሉ ይደፍናሉ ይቆፍራሉ ይደፍናሉ። የላይኛውን አፈር ለብቻ ታስቀምጣላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ ትንሽ ዝም አለና አይ እንደዛ አናደርግም አለኝ፣ ቀጥሎ ግን ለምን አናደርግም ብሎ ራሱ ጠየቀ። ሌላኛው ቦታ ደግሞ የፀደቀውን ይቆጥራሉ፣ መዝገቡን አሳዩኝ፣ በየችግኙ ቁጥር አለው።

የጋሽ ዶዘርን ምክር ተከትዬ አካባቢ ጥበቃውን ልጀምር ነው። ማሽኑን ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር አቆይልሻለሁ ብሎኛል አሰልጣኙ፣ ቤተሰብም ሁለቱንም እንደምማር ስነግራቸው ተቀበሉኝ፣ እናቴ ብቻ ትንሽ ከፍቷታል። ሴቷ_ኦፕሬተር አንቺ ያልሽውን አልረሳሁትም፣ ገንዘቡ ያሳስበኛል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሰራው ነገር እየፈለግሁ ነው።

ሴቷ_ኦፕሬተር፦
አይዞሽ። ኤክስካቫተሩን ስትጀምሪ ፃፊልኝ፣ ደረጃ መቁረጥና ተዳፋት ማስተካከል ላይ ያለኝን ሁሉ እነግርሻለሁ።

አዲስ_ሰልጣኝ፦
ዛሬ ጠዋት ከቤት ጀርባ 20 ሳንቲሜትር ቆፍሬ ያንን ሙከራ ሞከርኩት። ተንከባሎ ተንከባሎ እንደ ክር ቀጠነ፣ በማስመሪያ ለካሁት 3 ሚሊሜትር ሆነ፣ አልተሰበረም። ከትናንት ወዲያ ዘንቦ ነበር፣ ላዩ ግን ደረቅ ነው የሚመስለው።

የዶዘር_ልጅ፦
ላዩ አታሎሻል። ዛሬ ማሽን አይገባበትም፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገሚው።